በባሌ እህት ስም የሠራኋቸው ወራት

የሄድኩት ለባሌ ጉዳይ ነበር። አያሌው ደም በጭንቅላቱ ፈሶ ቀኝ ጎኑን ከያዘው ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከሰዓት በኋላ የምትመጣለት አስታማሚ ሰዓቷ እንዲጨመር ወረቀት ልናስገባ፣ እኔና የመጨረሻ ልጄ ሊአት ቢቱዋህ ሄድን። ቢቱዋህ የምንለው የመንግሥት መድን ቢሮውን ነው፤ ለታመመውም፣ ለወለደችውም፣ ለሸመገለውም የሚከፍለው እሱ ነው። ጸሐፊዋ ደግ ሴት ናት፤ የአያሌውን ወረቀት ተቀብላ ጨረሰችልን። ልንነሳ ስንል መታወቂያዬን እንደያዘች ቀና አለችና፣

«አንቺስ? ስልሳ ሞላሽ። የራስሽን ጡረታ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ምኑን አያለሁ፤ ሲደርስ ይመጣ የለ» አልኳት።

ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አደረገች። ፊቷ ተለወጠ። ለሊአት በፍጥነት ነገረቻት፤ እኔ የሰማሁት ቁጥሩን ብቻ ነው። ሊአት ወደኔ ዞረች፤ እማዬ ለማለት ኢማ ነው የምትለኝ።

«ኢማ፣ የተመዘገበልሽ የሥራ ወር መቶ ሃያ አንድ ነው። መቶ አርባ አራት ያስፈልጋል። ወይም ደግሞ ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ ስልሳ ወር መሥራት ነበረብሽ።»

ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን አያሌውን ሳገላብጥ ነው የኖርኩት።

«እኔ እኮ ስሠራ ነው ያረጀሁት! በያት።»

ጸሐፊዋ አልተቆጣችም። «ባለትዳር ስለሆንሽ፣ ሥራሽ ያልተመዘገበበት ዘመን ሁሉ የቤት እመቤት ተብለሽ ነው የተጻፍሽው። ለቤት እመቤት ወር አይቆጠርላትም» አለች።

«ካልሞላስ?»

«ሰባ ዓመት እስኪሞላሽ ትጠብቂያለሽ።»

ቢሮው ውስጥ አላለቀስኩም። አውቶቡስ ላይ ተቀምጠን ሊአት መስኮት መስኮቱን እያየች፣ «ግድ የለም ኢማ፤ ትምህርቱን አቆመዋለሁ። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» አለችኝ። የነርስነት ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ጀምራ ነበር። ሁለቱ ታላላቆቿ ቶሎ ሥራ ገብተው፣ ቶሎ አግብተው ወጡ፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ የተማረችልኝ እሷ ብቻ ናት። በሁለት ዓመት እመለሳለሁ ብሎ ከትምህርት የወጣ ስንት ልጅ አውቃለሁ። ተመልሶ የገባውን አላውቅም። ያን ጊዜ ፈራሁ። አገር ለቅቀን ስንመጣ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም፤ ያን ጊዜ ብዙ ነበርን፤ ሁሉም ካለቀሰ አንዱ ይስቃል። እዚያች አውቶቡስ ላይ ግን ብቻዬን ነበርኩ።

ከዚያ ወሮቼን መቁጠር ጀመርኩ። የት ሄዱ?

የመጀመሪያ ሥራዬ ሳፒር፣ ኢንዱስትሪው ሰፈር፣ የሊጥ ፋብሪካ ነበር። በውስጡ አይብ ያለበት ቡሬካስ የሚባል ሊጥ ይጋገራል፤ እኔ የምቆመው ትሪው ከምድጃ ከሚወጣበት ፊት ለፊት ነው። የተቃጠለውን እየለየሁ እጥላለሁ፣ ደህናውን ካርቶን ውስጥ እደረድራለሁ። አለቃችን ሁሉንም ሴት «ሞተክ» እያለ ይጠራ ነበር፤ ማር እንደማለት ነው። ስማችንን መያዝ ስላቃተው መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ ትንሽ ማንበብ የለመድኩት ከብዙ ዓመት በኋላ የሴቶች የማታ ትምህርት ገብቼ ነው። ግን ቡሬካስ ለማየት ፊደል አያስፈልግም፤ ከመቃጠሉ በፊት ጠርዙ ላይ የሚመጣውን መልክ ለምጄው ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠራሁ። ሁለተኛውን ልጄን ስወልድ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ።

የአያሌው ታላቅ እህት ባንቺ ትባላለች፤ እኔ እትየ ባንቺ እላታለሁ። እሷም በዚያው ሰሞን ወልዳ ነበር። ሳፒር ውስጥ ባለ አራት ፎቅ የቢሮ ሕንጻ የሚያጸዳ ሰው የሚፈልግ ተቋራጭ አገኘችና ስሟን አስገባች። በሳምንት ስድስት ቀን፣ አንድ ሠራተኛ። ተቀጥራ ሳምንት ሳይሞላት ልጇን ታቅፋ ቤቴ መጣች።

«ጥሩዬ፣ ስድስቱን ቀን ብቻዬን ከያዝኩት ይህን ማን ያጠባልኛል? ሦስቱን ቀን አንቺ ያዥ። እኔ ስሄድ ልጆቹ ካንቺ ጋር፣ አንቺ ስትሄጂ ከኔ ጋር።»

«ስሜስ? የተቀጠርሽው አንቺ ነሽ።»

«ስም ምን ያደርግልሻል? ወለሉን በስም ነው እንዴ የምትወለውይው!»

ሁለታችንም ሳቅን። ነውርም ስርቆትም አልመሰለንም። አገራችን ወንፈል አለ፤ ዛሬ እኔ ያንቺን ማሳ አርማለሁ፣ ነገ አንቺ የኔን ታርሚያለሽ። ማን ስንት ቀን እንደሠራ የሚጽፍ የለም፤ ሰው ያስታውሳል፣ ያስታወሰም ይመልሳል። ያንን ይዘን ነው የመጣነው። የፈረቃው አለቃም ያውቅ ነበር። «ሁለታችሁም አንድ ትመስሉኛላችሁ፤ ካርዱ አንድ ይሁን እንጂ ማን መጣ ማን ቀረ አይገደኝም» ይለን ነበር። እትየ ባንቺ ከኔ በአንድ ክንድ ትረዝማለች።

ደመወዙ በስሟ ይገባል፤ ግማሹን በዚያው ቀን በእጄ ታስጨብጠኛለች። በዚህ አንድ ቀን አላማኋትም።

ሥራውን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ክፍል ውስጥ ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ፣ ባልዲዋን ከእግሯ ስር አድርጋ ወለሉን ታያለች። ሰው በየት በኩል እንደሚሄድ፣ የማን ወንበር ስር ፍርፋሪ እንደሚበዛ፣ የቱ ጥግ ወር ሙሉ መወልወያ እንዳልነካው፤ ያን ካላየች ውሃ አታፈስም። ከሩቁ ጥግ ጀምራ ወደ ኋላዋ እየሄደች በሩ ላይ ትጨርሳለች። የውሃ መግፊያውን ስገፋ ታየኝና «በክንድሽ አትግፊ፤ ክንድ ዕለቱን ያልቃል፣ በወገብሽ ግፊ» ትለኛለች። ጨርቁን ከሦስተኛው ውሃ ካወጣችው በኋላ ታሸተዋለች። ጨርቅ ከሸተተ ወለሉም ይሸታል። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር ነበራት፤ የማታውቀውን ጠርሙስ መጀመሪያ በር ኋላ፣ ሰው በማያይበት፣ በአንድ ጣት ስፋት ላይ ትሞክረዋለች። ከዚያ እስከ ማግስቱ አትነካውም። ሁለታችንም ማንበብ አንችልም፤ የሷ ማንበቢያ ያ ነበር።

እኔ ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ።

በሦስተኛው ዓመት ላይ ነው። ተቋራጩ አንድ ቀን ሰው ጎድሎበት በኔ ተራ ቀን ወደ ኪርያት ሀሻሮን፣ ወደ አንድ ረጅም የመኖሪያ ፎቅ ላከኝ። መግቢያው አዳራሽ ወለሉ እብነ በረድ ነው፤ በሩ አካባቢ የውሃ ነጭ ዝቃጭ ይዞታል። ልጄ አተኩሶት እትየ ባንቺ ዘንድ ትቼው ነበር የመጣሁት፤ ቶሎ ልጨርስ ብዬ እቸኩላለሁ። ጓዳው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ የተሳለበት ጠርሙስ አገኘሁ። ቧንቧ እንዲህ ካበራ ድንጋይማ እንዴት ይሆናል አልኩ። ውሃ እንኳ ሳልጨምርበት አፈሰስኩት። ፈላ። ነጭ አረፋ እየነፋ ሲያፏጭ እኔ ቆሻሻው እየወጣ መስሎኝ ደስ አለኝ! ጠረግሁት፣ አጠብሁት፣ ቆሜ እስኪደርቅ ጠበቅሁ።

ሲደርቅ ከበሩ እስከ ሊፍቱ ድረስ ድንጋዩ መልኩን አጥቷል። እንደ ለምጽ ነጥቷል። እጄን ባስኬድበት ቆዳው የተገፈፈ ያህል ይሻክራል። በውሃ ደግሜ፣ በሳሙና ደግሜ፣ በቀሚሴ ጫፍ ሳይቀር አሸሁት። የሕንጻው ነዋሪዎች አንድ በአንድ ከሊፍቱ እየወጡ ያዩኛል። አንዲት ሴትዮ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ «ምን አደረግሽ?» አለችኝ፤ ይህን ያህል ዕብራይስጥ ገብቶኛል።

በማግስቱ ተቋራጩ የጠራው ካርዱ ላይ ያለውን ስም ነው። እትየ ባንቺ ቢሮ ገባች። እኔ ውጭ፣ ግድግዳ ሥር ቆምኩ። እኔ አይደለሁም ማለት ትችል ነበር። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች። ሁለት ወር ሙሉ ከቢሮው ሕንጻ አውጥተው የመጋዘን መጸዳጃ ቤት ሰጧት። የኔን ሦስት ቀን እኔ፣ የሷን ሦስት ቀን እሷ፣ እዚያ ሽንት ቤት አጠብን። ያን ቀን ከተቋራጩ ቢሮ ስትወጣ እያለቀስኩ አቀፍኳት።

«አልቅሰሽ ስትጨርሺ፣ በር ኋላ ሞክሪ ያልኩሽን ድገሚልኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በምን አፌ ስሜም ይጻፍ ልበላት? ተራዬን ጠብቄ፣ ቀጣዩ ሥራ በኔ ስም ይሆናል ብለን ተነጋግረን ነበር። ግን ነገሩን ዳግም ሳላነሳው፣ አራት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀር ተቋራጩ ድርጅቱን ዘጋ። እሷ ሌላ ቦታ ሄደች፣ እኔም ሌላ ቦታ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራዬ በስሜ ነው። ትምህርት ቤት አጸዳሁ፤ ኋላም ባሕሩ አጠገብ የሚኖሩ አሮጊቶችን አስታመምኩ። አንዷ ሮማኒያዊት፣ አልጋዋን ሳነጥፍ ጥግ ጥጉን እየዞረች ትፈትሸኝ ነበር፤ ስትሞት እጄን ይዛ ነው የሞተችው። ያ ሁሉ ተቆጥሮልኛል። አያሌው ሲወድቅ ሥራ አቆምኩ።

ቢቱዋህ በሄድን በሦስተኛው ቀን ወደ እትየ ባንቺ ሄድኩ። አሁን ኪርያት ሀሻሮን ከልጇ ጋር ነው የምትኖር፤ ያ ስታጠባው የነበረው ልጅ ነው። እኔ ያው በፊት ከነበርኩበት ሰፈር፣ ኪርያት ኖርዳው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። የሆነውን ነገርኳት።

«ስንት ጎደለሽ?»

«ሃያ ሦስት ወር።»

«በአንድ ስም የሠራነው ስንት ነው?»

«አራት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው።»

ዱላዋን ወደ ራሷ ሳበችና፣ «ልትከሽኝ ነው የመጣሽ?»

«ምን ነካሽ እትየ!»

«እኔ ጡረታዬን እየበላሁ ነው። ያንቺ ወር እኔ ሆድ ውስጥ ነው ማለት ነው።»

«ሆድሽን ልቅደደው አላልኩም።»

«ብትቀጅውም ጎመን እንጂ ወር አታገኝም!»

ሳልወድ ሳቅሁ። ልጇ ግን አልሳቀም። ሁሉንም ሰምቶ ከወጥ ቤቱ ብቅ አለና፣ ግማሹን በዕብራይስጥ፣ «ኢማ፣ እንዳትናገሪ። ያንቺንም ይነጥቁሻል» አላት።

«አንተ ዝም በል» አለችው። «እኔ ወለል ስወለውል ያጠባችህ ይህች ናት። ጫማዬን አምጣልኝ።»

ያኔውኑ ቢሮ አልሄድንም፤ ቀጠሮ ያስፈልጋል። በሳምንቱ ግን ሦስታችን፣ እሷ፣ እኔና ሊአት፣ ያችው ጸሐፊ ፊት ተቀመጥን። እትየ ባንቺ ዱላዋን ጭኖቿ መሀል አድርጋ ሁሉንም ተናገረች፤ ካርዱን፣ ሦስት ሦስት ቀኑን፣ እብነ በረዱን ሳይቀር። ሊአት እየተረጎመች ዞር እያለች ታየኛለች። እሷም ገና አሁን መስማቷ ነው።

ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አይታ መለሰች። «የሷ ወር የሷ ነው፤ ሠርታለች፣ አይነካም። ያንቺን ግን ልጽፍልሽ አልችልም። አንድ ወረቀት ላይ እንኳ ስምሽ የለም፣ ድርጅቱም የለም።» ከዚያ ወደኔ ጠጋ አለች። «ስሚኝ። ጡረታ የምትወጭበት ዕድሜ እስኪደርስ ሃያ ሰባት ወር አለሽ። የሚጎድልሽ ሃያ ሦስት ነው። ሥሪ።»

«ጉልበቴ ቀን ሙሉ አይቆምልኝም። በቀን ሦስት ሰዓት ብሠራስ? ይህ ምን ደመወዝ ይሆናል?»

«ደመወዙ ያንሳል። ቀጣሪሽ በስምሽ እስካስመዘገበሽ ድረስ ግን ወሩ ላንቺ ወር ነው።»

መንገዱ ታየኝ፤ መሄጃ ግን አልነበረኝም። ጠዋት ጠዋት አያሌውን ለማን ልተወው? ብቻውን ሆኖ አንድ ጊዜ መታጠቢያ ቤት ወድቆ ግንባሩ ተሰንጥቋል። እትየ ባንቺ በመንገድ ላይ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ቂም የያዘች መሰለኝ።

እዚህ የሥራ ሳምንት በሚጀምርበት ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሆን በሩ ተንኳኳ። እትየ ባንቺ በዱላዋ ተደግፋ፣ አራት ፎቅ ወጥታ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ሂጅ ሥራ ፈልጊ» አለችኝ።

«እትየ...»

«ወንፈል ነው። ሁለት ወር የጎደለው አራት ዓመት አለብኝ። አንቺ የጠየቅሽኝ ሃያ ሦስት ወር ነው። እንዲያውም ግማሹ ተርፎኛል!» ብላ ገፍታኝ ገባች።

አያሌው ከአልጋው ሆኖ በዚያ በተጣመመ አፉ፣ «እሷ... ልታስታምመኝ? በቃ... ሞቻለሁ» አለ።

«አፍህ ተጣሞም አላረፈ» አለችው እህቱ፣ ትራሱን እያቃናች።

መጀመሪያ የሄድኩበት ትንሽ ቢሮ ነው። ሰውየው በቀን ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። «በእጅሽ እሰጥሻለሁ፤ ወረቀት የለ፣ የሚቆረጥ የለ፣ ላንቺም ይበዛልሻል» አለኝ።

በፊት ቢሆን እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ባልዲ አነሳ ነበር። «በስሜ አስመዝግበኝ» አልኩት።

«ለሁለት ሰዓት?»

«ለሁለት ሰዓት።»

«ጌቬሬት» አለኝ፣ እመቤት ማለቱ ነው፣ «በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?»

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበቴን አሸሁና ወደሚቀጥለው ቦታ ሄድኩ። አራተኛው ቦታ ነው የተሳካልኝ፤ ሳፒር ውስጥ የጥርስ ሐኪም ቤት፣ በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን። የወሩ ትሉሽ፣ የደመወዝ ወረቀቱ ማለት ነው፣ ሲመጣ ለሊአት አልሰጠኋትም። ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ ራሴ አነበብኩት። ጥሩወርቅ ይላል። ሌላ የማንም ስም የለበትም።

እንዲህ ብዬ ስናገረው ቀላል ይመስላል። አልነበረም። ሁልጊዜ ነበር የምፈራው። ወር ሊያልቅ ሲል ሰው እንቀንሳለን ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ፤ እንዳትታመምብኝ ብዬ እትየ ባንቺን ከእግር እስከ ራሷ አያታለሁ። የፈራሁት አልቀረም፤ በአሥራ አራተኛው ወር ሳንባዋን ታመመች። ሦስት ሳምንት ሊአት ክፍል እየቀረች ከአባቷ ጋር ዋለች። ደብተሯን አልጋው ላይ ዘርግታ ሳያት፣ ይኸው ጀመረ፣ አሁን ከትምህርቷ ትወጣለች፣ አልኩ። በአራተኛው ሳምንት እሑድ እትየ ባንቺ ከስታ፣ ልብሷ እየሰፋት መጣች። «ልጅቱ ትሂድ ወደ ትምህርቷ፤ የኔን ወንፈል ሌላ ሰው አይጨርሰውም» አለች። ኋላም ጉልበቴ አብጦ ደረጃውን በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅሁ የወረድኩባቸው ቀኖች አሉ። ሐኪም ቤቱ አንዴ ቦታ ቀይሮ ሁለት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንድም ወር አልጎደለብኝም።

ሃያ ሦስተኛው ትሉሽ በመጣ በሳምንቱ ቢሮው ሄድኩ። ልጄን አላስከተልኩም። ያችው ጸሐፊ ነበረች። ኮምፒውተሯን አየች፣ ደግማ አየች።

«መቶ አርባ አራት» አለችኝ።

«ጽፈሽ ስጭኝ።»

ሳቀች። አትማ ሰጠችኝ። እዚያው በር ላይ ቆሜ ስልክ ደወልኩ።

«እትየ፣ ሞላ!»

«ምኑ? ወንድሜ ሾርባውን እየተፋብኝ ነው፤ ቶሎ ተናገሪ።»

«ወሩ ሞላ። መቶ አርባ አራት።»

ወደ አያሌው ዞራ ስትናገር ሰማሁ፣ «ዋጥ አንተ፤ ሚስትህ ጡረታ ወጣች።»

ሥራውን ሦስት ወር ጨምሬ፣ ዕድሜዬ ሲደርስ በወጉ ተሰናብቼ ወጣሁ። ሊአት ዘንድሮ ተመርቃ ሆስፒታል ገብታለች። እትየ ባንቺ አሁንም እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ወንፈሉ አልቋል ብላት፣ «ወንድሜን ልይ ብዬ ነው፣ ማን አንቺን ፈለገ» ትለኛለች። ጡረታዬ በየወሩ በስሜ ይገባል። ብዙ ሴቶቻችን በሰው ስም፣ በእጅ በእጅ እንደሠሩ ስለማውቅ ነው ይህን ያስጻፍኩት፤ ስማችሁ መመዝገቡን ዛሬውኑ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ እንደኔ ስልሳ እስኪሞላ አትጠብቁ።

እኔ ያን ቀን አውቶቡስ ላይ ፈርቼ ነበር። ልጄ ተምራ ጨረሰች፣ ጡረታዬም ተከበረልኝ። አሁን አልፈራም። ደርሻለሁ።